አባቴ የጠየቁኝ ቃል

እኔ ቀናተኛ ነኝ። ዛሬ ይህን ለመናገር አላፍርም። ሥራዬ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ብሶት መስማት ስለሆነ፣ ከእኔ የባሰ ቀናተኛ በየሳምንቱ ፊቴ ተቀምጦ ያለቅሳል። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ግን ቅናቴን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። "ደክሞኝ ነው" እላለሁ፣ "ራሴን አሞኝ ነው" እላለሁ። እናቴ ብቻ አትሸወድም ነበር። ከያዘችው ሥራ ቀና ትልና "ዛሬ ደግሞ ማን ነካሽ?" ትለኛለች።

ቤታችን ፋሲሎ የሚባለው ሰፈር ነው፣ በእግር ሐይቁ ዳር ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አባቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከክር ማሽን ጋር ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማሽኑ ግራ ጆሯቸውን ስለወሰደው፣ ሊሰሙት የፈለጉትን ሰው በቀኛቸው ያስቀምጡታል፤ ሊሰሙት ያልፈለጉትን በግራቸው። እናቴን "አንቺ" እያልኩ ባድግም እሳቸውን ግን ሁልጊዜ "እርስዎ" ነው የምላቸው። መትተውኝ አያውቁም። ስታመም ተሸክመውኝ ሐኪም ቤት ሄደዋል፣ ክረምት ሲገባ ጫማዬ ውኃ እንዳያስገባ በእጃቸው ይሰፉልኛል። አንድ ነገር ብቻ አያደርጉም፤ ስለ ትምህርቴ አይጠይቁኝም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድም ቀን "ዛሬ ምን ተማርሽ? ይኸስ ምን ማለት ነው?" ብለውኝ አያውቁም። ካርዴን ሳሳያቸው ደረጃዬን አይተው "ጎሽ፣ በርቺ" ይሉና ይመልሱልኛል። ሌላው ልጅ ብስክሌት ሲመኝ እኔ አንድ ጥያቄ እመኝ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴም ምኞቴ ያው ነበር።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሳይኮሎጂ መማር ግዴታው ነው። መምህራችን ወጣት፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ገጽ ሙሉ ቃላት አደለን። "ሳይኮሎጂ ማለት" አለን፣ "ድሮ የምታውቁትን ነገር በአዲስ ስም መጥራት ነው። ንዴትን ታውቁታላችሁ፣ ፍርሃትን ታውቁታላችሁ፣ መርሳትንማ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ስማቸውን ካልያዛችሁ ግን ፈተናዬን አታልፉም።" ክፍሉ ሳቀ። እኔ ለቃላቱ አልተጨነቅኩም። በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት፤ አራቱንም ገጽ በሁለት ቀን ዘለቅኳቸው።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ግን ወረቀቱን እንደ መድኃኒት ማዘዣ አገላብጣ አየችው። ከማክሰኝት ነው የመጣችው። አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው፣ ደጃቸው በተማሪ ጎጆ የተከበበ። "ጉባኤው ላይ ባልቀመጥም ጆሮዬን የከለከለኝ የለም" ትል ነበር፤ እንጨት ስትፈልጥ፣ ውኃ ስትቀዳ የተማሪዎቹን ትምህርት ሰምታ ይዛዋለች። እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው። ቀለም ግን ሲገባት! አንድ ጊዜ የሰማችውን ነገር ከሳምንት በኋላ ብትጠይቋት ሳታዛንፍ ትመልሰዋለች። አዘንኩላትና ቅዳሜ ቤት መጥታ ከእኔ ሞጁል እንድታጠና ጋበዝኳት። እኔ ነኝ የጋበዝኳት፤ ይህ ልብ ይባልልኝ።

ግቢያችን ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አባቴ በወዲያ በኩል የተሰበረ በርጩማ እየመቱ ነበር። እኔ ቃሉን እያነበብኩ ትርጉሙን እነግራታለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና በራሷ መንገድ ትለዋለች። "ሌርኒንግ ብሂል፣ ከኑሮ የተገኘ፣ የሚሰነብት የጠባይ ለውጥ።" "ሞቲቬሽን ብሂል፣ ሰውን ከመኝታው የሚያስነሣው።" የመዶሻው ድምፅ ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ አባቴ በርጩማውን ጥለው መጥተው አጠገባችን ቆመዋል።

"ብሂል የምትይ ማን ነሽ፣ ልጄ? ግስ ታውቂያለሽ እንዴ?"

"ከአባቴ ደጅ ሰምቼ ነው፣ አባባ" አለች፣ ብድግ ብላ።

ግስ የሚሉት የቅኔ ተማሪ በቃሉ የሚይዘው የግዕዝ ቃላት ዝርዝር ነው፤ ቃሉን ይልና "ብሂል"፣ ማለትም "ማለት ነው" ብሎ ትርጉሙን ያስከትላል። አባቴ ይህን ሲያስረዱኝ አፌን ከፍቼ ነበር የማያቸው። በልጅነታቸው አራት ዓመት የቅኔ ተማሪ እንደነበሩ፣ አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ትተው ወደ ፋብሪካው እንደገቡ የሰማሁት በዚያች ሰዓት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖሬ አንዲት የግዕዝ ቃል ከአፋቸው አልወጣችም ነበር። ለእሷ ግን በአምስት ደቂቃ ወጣችላት። በርጩማው ሦስት እግሩ ብቻ ቢሆንም አመጡትና በግራዋ በኩል ተቀመጡ፤ ስለዚህ እሷ በቀኛቸው ሆነች። እኔ የት እንደሆንኩ መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የእሷ ሆነች። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ጺማቸውን ይላጫሉ፣ የታጠበ ጋቢ ይለብሳሉ፣ በሩን ያያሉ። "ያች ልጅ ዛሬ አትመጣም እንዴ?" ይላሉ፣ እኔ ፊታቸው ተገትሬ። ስትመጣ ደብተሯን በሁለት እጃቸው ነው የሚቀበሏት። ደብተሩ መልካም ነበር፣ አልዋሽም። እያንዳንዱ ቃል ትርጉም አለው፣ ቀጥሎ "አንድም" ተብሎ ሌላ ፍቺ፣ ቀጥሎ ከአገር ቤት ምሳሌ። ፐርሰፕሽን የሚለው ሥር "ዓይን ያየውን ልብ ሲፈታው፤ ከሐይቁ ላይ የሚመጣውን ጥቁር ነገር አንዱ ታንኳ ሲለው ሌላው ጉማሬ ይለዋል" የሚል ነበር። ኮንዲሽኒንግን መምህራችን በውሻና በደወል ነበር ያስተማረን። እሷ ግን "የቅዳሴ ማብቂያ ደወል ሲሰማ የቆሎ ተማሪ ሆዱ ይጮኻል፤ ምግቡን ገና አላየውም፤ ደወሉን ግን ለምዶታል" ብላ ጻፈች። አባቴ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ እናቴ እንኳ ከጓዳ ወጥታ አየቻቸው።

በሦስተኛው ቅዳሜ "የኔታ" ብላ ጠራቻቸው። የቤተ ክህነት ተማሪ መምህሩን የሚጠራበት ስም ነው፤ አባቴ ትምህርቱን ጨርሰው ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ ይጠራቸው የነበረው በዚሁ ነው። አላረሟትም። አንገታቸውን ደፉና የጋቢያቸውን ጫፍ ማስተካከል ያዙ፤ ደስ ሲላቸው እንዲያ ያደርጋሉ። ያን ዕለት እራት አልበላሁም። የኔታ! የማን? የእኔ አባት ናቸው እኮ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። አዲስ ደብተር ገዝቼ እኔም ቃላቱን በአማርኛ ጻፍኩ፤ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አሳምሬ ለአባቴ ወሰድኩላቸው። "አባባ፣ ይኸን ይመልከቱልኝ" አልኳቸው። ሽፋኑን በእጃቸው አበስ አድርገው "ጎሽ፣ በርቺ" አሉና ሳይከፍቱ መለሱልኝ። ለእናቴ ደግሞ "ያቺ ልጅ በቤታችን ቀንታለች፣ ዓይኗን አይተሽዋል? እናትና አባቴን ልትቀማኝ ነው የምትመጣው" አልኳት። እናቴ ትክ ብላ አየችኝና "የምትቀናውስ እሷ አይደለችም" አለች። ይህ ነገር ከአራቱ ገጽ ቃላት አንዱ ነበር፤ የራስን እድፍ በሰው ነጠላ ላይ ማየት፣ ፕሮጀክሽን ይባላል። ትርጉሙን ስጠየቅ አንደኛ ነበርኩ።

ከሁሉ የከፋው ግን የቅናት ተራ የደረሰ ዕለት ነው። እነሱ ከማንጎው ሥር ተቀምጠዋል፣ እኔ በረንዳው ላይ ቀይ ሽንኩርት እልጣለሁ። "ምቀኝነትና ቅናት አንድ አይደሉም" ትላለች የማክሰኝቷ። "መምህሩ እንዳለው፣ ምቀኝነት ሁለት ሰው ይበቃዋል፤ እኔ የሌለኝ ነገር አንተ አለህ ብዬ አመድ ስነሰንስብህ። ቅናት ግን ሦስት ሰው ይሻል። የኔ ያልሁትን ሰው ሌላ ወሰደብኝ ስል።" አባቴ አሰቡና "እውነት ነው" አሉ፣ "ሦስተኛ ከሌለ ቅናት የለም። ምሳሌውን ማን እናድርገው?" ሁለት ጉባኤተኞች ሦስተኛ ሰው ፍለጋ ሲጨነቁ ሦስተኛዋ አምስት እርምጃ ርቃ ሽንኩርት እየላጠች ዓይኗ ይነድ ነበር። ሽንኩርቱ ነው ብዬ ጠረግኩት።

ሚድ ፈተና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው "ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት" ላይ ደረሱ። ይህ ቃል ጀማሪን ሁሉ የሚያሰናክል ነው፤ ኔጌቲቭ ሲባል ሰው ክፉ ነገር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ አንድ ሥራ ስትሠራ የሚያስጨንቅህ ነገር ከተነሣልህ፣ ያን ሥራ ሌላ ጊዜም ትሠራዋለህ። እናቴ ስለ ዕቃ ማጠብ ትነዘንዘኛለች፤ ሳጥብ ንዝንዙ ይቆማል፤ ስለዚህ ነገ ሳልታዘዝ አጥባለሁ። የተወገደው ንዝንዝ ነው፣ የጠነከረው ማጠቤ። ቅጣት አይደለም። ይህን አሳምሬ አውቀው ነበር።

አባቴ ቃሉን እንደ ለመዱት ለሁለት ከፈሉት። "ኔጌቲቭ ማለት ማጉደል ነው ካልሽኝ፣ ሪኢንፎርስመንት ደግሞ ማጽኛ ከሆነ" አሉ፣ "አጉድሎ ማጽናት ነው። በእኛ ጊዜ ትምህርቱን ያላጠና ተማሪ ለምኖ ያመጣትን ቁራሽ ይነጠቅ ነበር። ቁራሿ ጎደለች፤ እሱ በማግስቱ ጸንቶ ያጠናል። እንግዲህ ቅጣት ማለት ነው።"

"ቁራሽ መንጠቅ!" አለች እሷ፣ ደስ ብሏት። "እንዲህ ከሆነማ አይረሳም፣ የኔታ።" ጻፈችው።

አባቴ ግን እርግጠኛ አልነበሩም። እስክሪብቶዋ ሲሄድ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ በረንዳው ሁለት እርምጃ መጡና ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"እንግሊዝኛውን የምታውቂ አንች ነሽ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ይኸ ቃል እንዲህ ማለት ነው? ልክ ነን?"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። መጣ። የመጣው ግን ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ ደብተር ነው። "ነን" አሉ። እሳቸውና እሷ "ነን" ናቸው፤ እኔ መዝገበ ቃላት ነኝ። እንደዚያ ነበር የታየኝ።

"ልክ ናችሁ፣ አባባ" አልኳቸው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ለምን እንዳልኩት ዛሬም ስጠየቅ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም፤ እሷ ፈተናው ላይ አንዲት ጥያቄ ትሳት፣ የኔታ ያለቻቸው ሰው አላዋቂ ሆነው ትያቸው ብዬ ይሆናል። አንዲት ጥያቄ ናት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰበብ ማሳመርም ከአራቱ ገጽ ውስጥ ነበር።

ያላሰብኩት ነገር ግን የእሷን የመማሪያ መንገድ ነው። እኔ ብቻዬን አንብቤ ብቻዬን የምፈተን ሰው ነኝ። እሷ ግን በተማረችው ልክ ታስተምራለች። በዶርማቸው፣ ወፍ ሲንጫጫ ተነሥተው፣ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ እሷ ትላለች፣ አንዷ ትቀበላለች፣ የተቀበለችው ለሚቀጥለዋ ታቀብላለች፣ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ ሳይፋለስ እሷው ጋ እስኪመለስ ድረስ። ከዚያ ዶርም አልፎ የጎረቤት ዶርም ልጆችም ይመጡ ነበር። እንግሊዝኛ ያስጨነቃቸው የገጠር ልጆች ሁሉ ከእሷ አፍ ነው ሳይኮሎጂን የተማሩት። የእኔም ውሸት ሳይፋለስ በዚያው ዞረ።

መምህሩ ፈተናውን አርሞ ሲመጣ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና "በዚህ ክፍል ስንት የቆሎ ተማሪ አለ?" አለ። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። "ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንትን በምሳሌ አስረዱ ብዬ ነበር። ከሃያ በላይ ሰው የቆሎ ተማሪ ቁራሹን ሲነጠቅ ጽፎልኛል። በአንድ ዓይነት ቃል። ሃያ ሰው በአንድ ቁራሽ አይሳሳትም፤ ተኮራርጃችኋል።" ቀጥሎ አንድ ወረቀት አነሣ። "እስቲ ልክ የሆነውን ላንብብላችሁ" ብሎ ስለ እናቴ ንዝንዝና ስለ ዕቃ ማጠቤ አነበበ። "ይህን የጻፈች እጇን ታውጣ።"

እጄን አወጣሁ። የማክሰኝቷ ከጎኔ ነበረች። ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አልገረማትም፤ አንድ ከባድ ቃል እንደሚፈታ ሰው ትንሽ ቆይታ አየችኝ። ከዚያ ብድግ አለች።

"አልተኮራረጁም፣ መምህር። እኔ ነኝ ያስተማርኋቸው። በቃላቸው ይዘውት ነው።"

"አንቺስ ከየት አመጣሽው? ሞጁሉ ላይ እንዲህ የሚል የለም።"

"ከመምህሬ።"

"ማን ነው መምህርሽ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ የመምህሬ አይደለም" አለች። መምህሩ ስሙን እስክትነግረው ድረስ ወረቀቷን እንደማይመልስላት ተናገረ። አልነገረችውም። በእነሱ ወግ፣ ትምህርትህ ሲሰምር የመምህርህን ስም ትጠራለህ፤ ሲፋለስ ግን ጥፋቱ ያንተው ነው፣ የመምህር ስም ለውርደት አይጠራም። ይህን ወግ ደብተሯን ስንገላልጥ እሷው ነበረች ያጫወተችኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ እኔ ሙሉ ነጥቤን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። አባቴ ተላጭተው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው እስከ ቀትር በሩን አዩ። በሁለተኛውም ቅዳሜ አልመጣችም። እሑድ ማታ "ያች ልጅ ታመመች እንዴ?" አሉኝ። ይኸውና ጥያቄ፣ አሁንም ስለ እሷ። ያኔ ነው ከመጀመሪያው የባሰውን ያደረግኩት።

"አልታመመችም" አልኳቸው። "ያ የቁራሽ ነገር ስሕተት ነበር። እርስዎ እንደነገሯት ጻፈች፣ ሃያ ልጅ አስተማረች፣ ሁሉም ወደቁ። አሁን የመምህርሽን ስም ንገሪ ብለው ወረቀቷን ይዘውባታል። በእርስዎ ምክንያት ነው የማትመጣው።"

እንዲህ ካልኳቸው ይተዋታል ብዬ ነበር። ተስፋዬ ያ ነበር፤ አፍረው ከእሷ ይርቁና ለእኔ ይቀራሉ። አባቴ ግን "ስሜን አልጠራችም?" አሉ። አልጠራችም አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው "ወደ ግቢው ውሰጅኝ" አሉኝ።

በባጃጅ ሄድን። ግቢው በር ላይ ለጥበቃው ነግረን አስጠራናት። እየሮጠች መጣች፤ ስታያቸው ፊቷ በራ። አባቴ ግን ሰላምታዋን አልጠበቁም። ኮፍያቸውን አወለቁና ተማሪው በሚተላለፍበት መሐል ወገባቸውን አጥፈው እጃቸውን ወደ ጉልበቷ ሰደዱ።

"በስሕተት አስተማርሁሽ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።"

"ኧረ የኔታ! ኧረ በእመቤቴ ይነሡ!" ትከሻቸውን ይዛ ቀና ልታደርጋቸው ታገለች። "እኔ ነኝ ሳልመረምር የተቀበልሁ። ሞጁሉን ደግሜ ማየት ነበረብኝ።"

"የለም፣ እኔ ነኝ የማላውቀውን የፈታሁ።"

"የለም፣ የኔታ፣ የኔ ስንፍና ነው።"

እሳቸው "የኔ ነው" ይላሉ፣ እሷ "የኔ ነው" ትላለች፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ እኔ አጠገባቸው እንደ በሩ ምሰሶ ቆሜያለሁ። እውነቱን ልናገር፤ እዚያም ቆሜ ቀናሁ። ጥፋቴን እንኳ ተሻምተው ሊወስዱብኝ ነው አልኩ። እሷ ታውቃለች፤ የወረቀቴን መልስ በጆሮዋ ሰምታለች። በአንዲት ቃል ልታጋልጠኝ ትችል ነበር፣ አላደረገችውም። ከንጹሕ ጸጸት ነው የተናገርኩት ብል እዋሻለሁ፤ ግማሹ ጸጸት ነው፣ ግማሹ እኔም አለሁ ማለት ነው።

"እኔ ነኝ!" አልኩ፤ ድምፄ ጥበቃውን ሳይቀር አዞረው። "ትክክለኛውን አውቅ ነበር። አባባ ጠየቁኝ፣ እኔ ዋሸሁ።"

አባቴ ቀስ ብለው ቀና አሉ፣ ኮፍያቸውን አጠለቁ። አልጮኹም። "ከእሷ ጋር ሂጂና ለመምህሩ እንዲሁ ንገሪው" አሉኝ። "እኔ እዚህ እጠብቃለሁ።"

ሄድን። መምህሩ ከቢሮው ወጥቶ ሰማኝ፤ የእሷን ወረቀት መለሰላት፣ የእኔን ነጥብ ከዚያ ጥያቄ ላይ ሰረዘው፣ ልጆቹንም በሌላ ጥያቄ ደግሞ እንደሚፈትናቸው ነገራት። ስንወጣ የማክሰኝቷ ቆመችና "እኔ እኮ አባቴ ሩቅ ናቸውና" አለችኝ። "የአንችን ልወስድ አልነበረም።" እሷ ወደ ዶርሟ ሄደች።

አባቴ በእግር እንሂድ አሉ። በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ፣ በዘንባባው ጥላ ሥር፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ። ትንሽ እንደሄድን ቆሙና እስክደርስባቸው ጠበቁኝ። በቀኛቸው ሆንኩ።

"ለምን?" አሉኝ።

አራት ገጽ ቃላት ነበረኝ። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ከነፍቺው አውቃቸው ነበር። አንዱም አልመጣልኝ።

"ቀንቼ ነው" አልኳቸው።

"በማን?"

"በእሷ።"

እውነት ያልገባቸው ሰው ሆነው አዩኝ። "በእሷ? ምኗ ያስቀናል? የዶርም እንጀራ ነው የምትበላ፣ አገሯ ሩቅ ነው፣ እንግሊዝኛው ያስለቅሳታል። እሷ ያላት፣ አንች የሌለሽ ምንድን ነው?"

"እርስዎ" አልኳቸው።

አባቴ ፊታቸውን ወደ ውኃው መለሱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ያን ዕለት በረንዳው ላይ እንደነበረው ዝቅ ያለ ነበር።

"ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ደብተርሽ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው" አሉ። "እከፍተዋለሁ፣ አይገባኝም። ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ያልሽኝን ሳልረዳው ብቀር፣ አባቴ ደንቆሮ ነው ብለሽ ታፍሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ጎሽ፣ በርቺ እያልሁ መለስሁልሽ። ያች ልጅ በማውቀው ቋንቋ መጣች፤ ሳይኮሎጂ የሚሉትን ያንችን ትምህርት ከእሷ ሥር ሥር እያልሁ ለመድሁት። ትንሽ ሲገባኝ ልቤ ሞላና፣ አሁንስ ልጄን ብጠይቅ አላፍርም አልሁ። አንድ ቀን ደፍሬ ብጠይቅሽ..."

አልጨረሱትም። እጃቸውን ከኋላቸው አቆላልፈው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ቤት እስክንገባ ድረስ በቀኛቸው ሄድኩ፣ ሌላ ነገር ግን አልጠየቁኝም።